የእትዬ ዶኛ ዘንባባ

ባለፈው ሰኔ ሜልበርን በብርድ በተቆራመተችበት ሰሞን፣ ለሳሎኔ የሚሆን አንድ ተክል ልገዛ ወደ ችግኝ መሸጫ ገባሁ። ደጅ የተደረደሩትን አልፌ በስተጀርባ ያለውን የላስቲክ ቤት በር ስገፋው ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ፤ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት አየር። መነጽሬ ጭጋግ ለበሰ። ምንም አላይም ነበር፤ ግን የት እንዳለሁ አውቄያለሁ። ያራቪል በሚባለው የልጅነት ሰፈሬ፣ ከጓሯችን አጥር ወዲያ፣ እትዬ ዶኛ በአሮጌ መስኮቶች የሠሩት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ዕድሜዬም ዘጠኝ ዓመት።

መጀመሪያ ስለ ስማቸው ልናገር። ትክክለኛው ስማቸው ኤልቪራ ነው። "ዶኛ" ማለት በሀገራቸው በጓቴማላ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ልክ እንደ እኛ "እትዬ"። እማዬ ግን ይህን አላወቀችም። ሰዎች "ዶኛ፣ ዶኛ" ሲሏቸው ሰምታ ስማቸው መሰላት፤ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት ደግሞ ነውር ስለሆነባት "እትዬ" ጨመረችበት። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ "እትዬ እትዬ" እያልን ስንጠራቸው ከረምን ማለት ነው። እሳቸውም አንድ ቀን አላረሙንም።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከደሴ ወጥተን፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ቆይተን፣ ሜልበርን ከገባን ገና ሁለት ወራችን ነበር። አባዬ ዲር ፓርክ ውስጥ ጎማ የሚከማችበት ዌርሃውስ ሥራ አገኘ። እዚያ ፎርክሊፍት የሚነዳው ራውል የእትዬ ዶኛ ልጅ ነው። ያራቪል የሚከራይ የእንጨት ቤት እንዳለ ለአባዬ የነገረው እሱ ነበር፤ ቤቱም ከእነሱ ቤት ጋር በጓሮ አጥር ይገናኛል። ብዙም ሳይቆይ እማዬ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ፋብሪካ የከሰዓት ሺፍት ጀመረች። ታዲያ እኔን ሐያትን ከትምህርት ቤት ስመለስ ማን ይጠብቀኝ የሚል ጭንቀት መጣ። ራውል መዶሻውን ይዞ መጥቶ ከአጥሩ ሁለት ጣውላ ነቀለ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ በቀዳዳው ሾልኬ እትዬ ዶኛ ዘንድ እገባ ነበር።

እትዬ ዶኛ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ረጅም ጥቁር ጸጉራቸውን በአንድ ጉንጉን ወደ ኋላ የሚጥሉ ሴት ነበሩ። ስድሳን ቢያልፉም ጸጉራቸው ላይ ሽበት የለም። የጓሯቸውን ግማሽ ከፈረሱ ቤቶች በተለቀሙ መስኮቶች አጥረው ክፍል አድርገውታል፤ አንዱ መስኮት አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀለሙ የተላጠ። ጣሪያውም መስኮት ነው። ውስጡ በርዶ አያውቅም። ማለዳና ከሰዓት ውሃ ይረጩበታል፤ ብርድ ሲሆን የላምባ ማሞቂያ ያስገቡለታል። በዚያ ሁሉ ወግ ማዕረግ የሚኖሩት ሁለት ዘንባባዎች ነበሩ።

ዘንባባ ስል መንገድ ዳር የሚተከለውን ወፍራም እሾሃም ግንድ አታስቡ። የእነዚህ ግንድ እንደ ቀርከሃ ቀጭን፣ አረንጓዴና ቀለበት ቀለበት ያለው ነው። ሥሮቻቸው ከአፈሩ በላይ ከግንዱ ወጥተው መሬቱን እንደ ጣት ቆንጥጠው ይይዛሉ። ረጅሙ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሌላኛው አንድ ክንድ ያህል ያንሳል።

እኔ ተምር ነው አልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ ነው የወሰንኩት። ዘንባባ ሆኖ ይህን ያህል የሚንከባከቡት ከሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርዓን አብራኝ ለምትቀራ ጓደኛዬ ለረመዳን የራሳችን ተምር ከዛፍ ላይ እንደምናወርድ ነገርኳት፤ ለእሷም አሥራ አንድ ፍሬ ቃል ገባሁላት። እማዬ አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ አይታው ከንፈሯን ነከሰችና፣ ተምር የፀሐይ ልጅ ነው፣ ይሄ ግን ጥላና ላብ የሚወድ ነው የሚመስለው አለችኝ። አላመንኳትም።

ከእትዬ ዶኛ ጋር የምናወራው በእንግሊዝኛ ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። እሳቸው እዚያ ሀገር የቆዩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የሚናገሩት እንግሊዝኛ መሆን አለበት። መስኮቱን እያሳዩ "ቬንታና" ይሉኛል፤ እኔም ቬንታና እላለሁ። ቅጠሉን፣ ውሃውን፣ ባልዲውን፣ መሬቱን እያሳዩ ስሙን ይነግሩኛል፤ ማታ አልጋዬ ውስጥ እደግመዋለሁ። በወር ውስጥ ከሰባ ቃል በላይ አወቅሁ። አባዬ በቁጥሩ በጣም ኮራ።

በመጋቢት አንድ የሚያቃጥል ቀን፣ ክፍላችን እንደ ምድጃ ግሎ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ትምህርት ቤት እጄን አወጣሁ። አስተማሪዬ ሚስስ ዶይል ደስ ብሏት ሁሉንም ዝም አሰኘችልኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ "ፕሊዝ ሚስ፣ ኦፕን ዘ ቬንታና" አልኩ።

ሚስስ ዶይል አልገባትም፤ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ከኋላ ከቺሌ የመጣ አንድ ልጅ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያም ለሌሎቹ ነገራቸው። ስፓኒሽ ነው የምታወራው፣ አፍሪካዊት ሆና ስፓኒሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለካ ያን ሁሉ ሌሊት ሳጠና የከረምኩት የሌላ ሀገር ቋንቋ ነው። ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ለወራት እዚያ ክፍል ውስጥ ድምፄን የሰማ የለም፤ ስሜ ሲጠራ እንኳ እጄን ብቻ ነበር የማነሳው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እየተንገበገብኩ በአጥሩ ገባሁና እትዬ ዶኛን አኮረፍኳቸው። ራውል ከሥራ ሲመለስ በእኔና በእናቱ መካከል ቁጭ ብሎ ነገሩን አጣራ። መጀመሪያ የእኔን ለእሳቸው ነገራቸው። እትዬ ዶኛ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቀጥለው እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር ሲነግሩት ራውል ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ለካ እሳቸውም ከእኔ እንግሊዝኛ እየተማሩ ነበር። ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ የምትናገረው እንግሊዝኛ ካልሆነ ምን ይሆናል ብለው ነው። ቃል ሲጠፋኝ በአማርኛ ስሞላው እሳቸው ይሸመድዱታል። ፉትስክሬይ አትክልት ቤት ሄደው ሦስት ሳምንት ሙሉ "ድንብላል" ስጡኝ ሲሉ፣ ባለሱቁ ያልደረደረላቸው ነገር አልነበረም። የአውቶብስ ሹፌሩ ሲያናግራቸው ደግሞ "እሺ" እያሉ ይመልሱለት ነበር።

ኩርፊያዬ በዚያው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ቋንቋ ለየብቻ ማወቅ እንዳለብን ተስማማን። ስለ ዘንባባዎቹ እውነቱን የነገሩኝም በዚያ ሰሞን ነው፤ ራውል በተራው እንግሊዝኛውን እየሞላ።

ስሙ ፓካያ ይባላል። እትዬ ዶኛ ባደጉበት ተራራ፣ ደመና ከዛፎቹ ላይ በማይነሳበት፣ ዝናብ ቆመ ሲሉት ከቅጠል ላይ በሚንጠባጠብበት ጫካ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ስር ይበቅላል። ፍሬው ሳይሆን አበባው ነው የሚበላው፤ አበባው ገና ሳይፈነዳ፣ እንደ በቆሎ እሸት በሽፋኑ እንደተጠቀለለ። ሽፋኑ አንዴ ከተከፈተ መራራ ይሆንና አይበላም። ደግሞ ወንድና ሴት አለው። የሚበላው የወንዱ ነው። ወንድ ይሁን ሴት ደግሞ ካላበበ አይታወቅም።

ሁለቱን ችግኞች ያገኟቸው እሑድ ገበያ ላይ ነው፤ ስም ሳይጻፍባቸው፣ ለቤት ማስጌጫ ተብለው ሲሸጡ። እግራቸው ስር ያሉትን ሥሮችና የቅጠሉን አወጣጥ አይተው አወቋቸው። ሁለቱን እንደ መንታ አቅፈው በባቡር አመጧቸው። ያ ከሆነ ሰባት ዓመቱ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አላበበም። የሚጠይቋቸው ሁሉ ለማየት ብቻ የሚሆን ዛፍ ነው ይሏቸዋል፤ ራውል ራሱ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

ተምሬን ቀብሬ ፓካያ መጠበቅ ጀመርኩ። የትኛው ወንድ እንደሆነ ግን ለእኔ ግልጽ ነበር። ረጅሙ ነዋ። ስለዚህ ውሃ ሳጠጣ ረጅሙን "አንተ" አጭሯን "አንቺ" እያልኩ አወራቸዋለሁ። "አንተ ምን ሆነህ ነው የማታብበው?" "አንቺ ደግሞ ቅጠልሽን አታጥፊው።" አማርኛ እንደሆነ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ አንዱን መምረጥ የግድ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ላይ እትዬ ዶኛ የተከራዩት ቤት ሊሸጥ መሆኑ ተነገራቸው። እስከ ነሐሴ አጋማሽ እንዲለቁ ተጻፈላቸው፤ ገዢው ጓሮውን አፍርሶ ሌላ ቤት ሊሠራበት ነው። ራውል ሲሮጥ ሰንብቶ ከሰፈራችን ሩቅ፣ ክሬጊበርን፣ ዩኒት የሚሏትን አንዲት ጠባብ ቤት አገኘ። ጓሮዋ ሲሚንቶ ነው፤ አንድ የልብስ ማስጫ ብቻ የቆመበት። ዘንባባዎቹ የትም ሊሄዱ አይችሉም። የእኛ ጓሮ ደግሞ መስታወት የለውም፤ የሐምሌ ውርጭ በአንድ ሌሊት ያቃጥላቸዋል። ራውል እናቱን በእርጋታ ይተዉዋቸው አላቸው።

እትዬ ዶኛ አላለቀሱም። ግን በማግስቱ ስገባ ዘንባባዎቹ ውሃ አልጠጡም ነበር። እሳቸው ከመካከላቸው በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ባልዲው ስለተያዘ በጣሳ እያመላለስኩ እኔው አጠጣኋቸው። ሲመለከቱኝ ቆይተው "ለምን?" አሉኝ በእንግሊዝኛ። ጠምቷቸዋል ብቻ አልኩ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ፣ በሁለቱ አሮጌ ሕንጻዎች መሐል፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ ጠባብ ግቢ ነበር። የተሰባበሩ ወንበሮች የሚጣሉበት ነው። ልጆች አይገቡበትም፤ እኔ ግን ማንም እንዳያናግረኝ በእረፍት ሰዓት እዚያ ነበር የምደበቀው። በግድግዳው በኩል የማሞቂያ ቱቦ ያልፋል፤ ጥጉ ላይ አፈር አለ። በሚቀጥለው ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ስበላ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ዳቦው እጄ ላይ ቀረ።

መጠየቅ ያለብኝ ርዕሰ መምህሩን ነበር። ለመጠየቅ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ በመስታወቱ ቤት ውስጥ ዘንባባዎቹ ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። ራውል ቃላቱን አስተካከለልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለእናቱ እንዳይነግራቸው አስማልኩት።

ርዕሰ መምህሩ ቁመተ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ስገባ ማን እንደሆንኩ ያወቁ አልመሰለኝም። የተለማመድኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ አወረድኩት። ከዚያ ሚስስ ዶይልን አስጠሩና እንደገና እንድናገር ጠየቁኝ። ሚስስ ዶይል ስትሰማኝ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ያን ጊዜ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ርዕሰ መምህሩ ግን ይህን እሳቸው ብቻቸውን የሚወስኑት እንዳልሆነ፣ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ የወላጆች ቦርድ እንደሚሰበሰብ፣ እዚያ መጥቼ ራሴ እንዳስረዳ ነገሩኝ።

እማዬ ሺፍቷን ከጓደኛዋ ጋር ስዋፕ አድርጋ መጣች። የሥራ ልብሷን ትታ ለዒድ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን ሁለት ጊዜ አስራ ፈትታ ነበር። ሰባት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። የሚባለው ሁሉ አልገባትም፤ ግን ከወንበሬ ጀርባ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ተናገርኩ። አንዲት ሴት ተክሉ መርዝ እንዳለው ጠየቀችኝ፤ የለውም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

"ለመሆኑ ትምህርት ቤቱ ምን ያገኝበታል?"

ይህን አልተለማመድኩትም ነበር።

"ይበላል" አልኩ።

"ምኑ?"

"አበባው። ወንድ ከሆነ።"

"ወንድ ነው?"

"እስካሁን አናውቅም። ሰባት ዓመት ጠብቀናል።"

ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ሆነ። ግን እንደ ክፍላችን ሳቅ አልነበረም፤ ሰውዬው ራሱ እየሳቀ እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም አወጡ። ለእማዬ በአማርኛ "ፈቀዱልን" አልኳት። ትከሻዬን ጨመቀችው፤ እስከ ቤት ድረስም እጇን አላነሳችም።

ለእትዬ ዶኛ የነገርኳቸው የዚያኑ ዕለት ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቼ፣ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ። ከባልዲው ላይ ተነሱና መሳቢያ ውስጥ ሲፈልጉ ቆዩ። ትንሿን የመትከያ አካፋቸውን ይዘው ወጡ።

መንቀሉ ቀላል አልነበረም። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ አባዬና ራውል ከማለዳ ጀምረው ቆፈሩ፤ እትዬ ዶኛ ሥር እንዳይቆረጥ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይፈለፍላሉ። ራውል ከጓደኛው ዩት የሚሉትን ኋላው ክፍት ጭነት መኪና ተውሶ መጥቷል። እማዬ ቅጠሎቹን ነፋስ እንዳይመታቸው በብርድ ልብስና በሁለት ሽርጥ ጠቀለለቻቸው። አጭሯ በደህና ተጫነች። ረጅሙን ሲያወጡ አባዬ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ እርጥብ ሣር ላይ አዳለጠው። ዘንባባው ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ሸንኮራ ሲሰበር። ጫፉ፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ፣ ተቆርጦ ቀረ።

ዘንባባ እንደ ሌላ ዛፍ ከጎን አያቆጠቁጥም። ጫፉ ከተቆረጠ አለቀ። ይህን ሁላችንም ሰምተናል። አባዬ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ጎማ እንደ ሳንቲም የሚያነሳው አባቴ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም ነበር። በእኔ ሐሳብ ደግሞ የሞተው ወንዱ ነው። የቀረችው "አንቺ" ነች። አለቀልን ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ዶኛ አባዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ራውል እንዲተረጉምለት ነገሩት። የዚህ ዛፍ ልቡም ይበላል አሉ። ወደ ውስጥ ገብተው ትልቅ ቢላ ይዘው ተመለሱ፤ የተሰበረውን ግንድ ንብርብሩን እያነሱ ልጠው ልጠው ከውስጡ እንደ ወተት የነጣ፣ እንደ አባዬ አውራ ጣት የወፈረ ነገር አወጡ። በጨው ቀቅለው ለሁላችንም አከፋፈሉት። ቆመን በላን። ማንም ድገሙኝ አላለም፤ ማንም ግን አላስተረፈም።

አጭሯ በትምህርት ቤቱ ባለመስታወት ግቢ ውስጥ ተተከለች። እትዬ ዶኛ ክሬጊበርን ገቡ፤ በየሳምንቱ ረቡዕ አውቶብስና ባቡር ቀያይረው ይመጡ ነበር። በሌሎቹ ቀናት የማጠጣው እኔ ነኝ፤ ቀስ በቀስ የክፍሌ ልጆች መምጣት ጀመሩ፤ ያ ከቺሌ የመጣው ልጅም ጭምር። ሲጠይቁኝ መመለስ ነበረብኝ። ሳላስበው ቀኑን ሙሉ እያወራሁ እውላለሁ። ዘንባባዋ ግን መጀመሪያ ሁለት ቅጠል፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ቢጫ ሆኑባት። ርዕሰ መምህሩ በየጠዋቱ ሹራባቸውን እየሰበሰቡ መጥተው አይተዋት ይሄዳሉ።

ጥቅምት ገባ። አንድ ሰኞ ጠዋት ውሃውን ስረጭ ከቅጠሎቹ በታች፣ ቀለበቱ ላይ፣ ግንዱ አብጦ አየሁ። እብጠቱን ሰንጥቀው ሦስት አረንጓዴ ጫፎች ወጥተዋል፤ ሹል ያሉ፣ እንደ ጣት። ባልዲውን ጥዬ ወደ ቢሮ ሮጥኩ፤ ጸሐፊዋን ስልክ ለመንኳት። እትዬ ዶኛ ሲያነሱ በሦስቱ ቋንቋ የማውቀው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የቀረኝ ሁለት ቃል ነበር።

"ትሬስ ዴዶስ" አልኳቸው። ሦስት ጣት።

ስልኩ ተዘጋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበሩ፤ የቤት ውስጥ ጫማ እንዳደረጉ። አይተው ዳሰሱ፤ እንቆይ አሉ፤ ገና ነው። በየቀኑ ተመላለሱ። ሦስቱ ጣት ሰባት ሆነ፤ እንደ መዳፌ ረዘሙ። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት አንዱን ቆረጡና ክፍላችን በሙሉ ተሰብስቦ ሳለ ሽፋኑን ከላይ ወደ ታች ቀደዱት። ከውስጡ ጥቅጥቅ ያሉ ፈዛዛ ቢጫ ክሮች ወጡ፤ ተቆጥረው የማያልቁ። ሴት ብትሆን ጥቂትና ወፍራም ይሆኑ ነበር። እትዬ ዶኛ አንዷን ክር ቀምሰው፣ አዋልዳ እንደወጣች አዋላጅ ላባቸውን ጠረጉና ነገሩኝ። እኔም ወደ ልጆቹ ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ ክፍሉ በሰማው ድምፅ፣ "ወንድ ነው" አልኩ።

ያን ጊዜ የተነሳውን ጩኸት ለመስማት ሦስት ክፍል በሮቹን ከፍቶ ወጣ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ግንዱን ይዤ በአማርኛ፣ ስድስት ወር ሙሉ "አንቺ" ስላልኩህ አልኩት።

ያንኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ኩሽና ተበላ። እትዬ ዶኛ ሀገራቸው የሚጠብሱት በአሳማ ስብ እንደሆነ፣ እኛ ደግሞ እንደማንበላው ያውቃሉ። ማንም ሳይነግራቸው አዲስ መጥበሻና ያልተከፈተ የዘይት ጠርሙስ በቦርሳቸው ይዘው መጥተዋል። የተቆረጡትን አበቦች ምሬቱ እንዲቀንስ ውሃውን እየለወጡ ሁለቴ ቀቀሏቸው፤ ለሁሉም እንዲደርስ ቆራርጠው በተመታ እንቁላል ነክረው ጠበሷቸው፤ በቲማቲም ወጥ አቀረቧቸው። ራውልና አባዬ ከሥራ አስፈቅደው መጥተው ነበር። የመጀመሪያውንና ትልቁን እትዬ ዶኛ አባዬ ሳህን ላይ አኖሩት። አባዬ አንገቱን ደፍቶ በላው፤ እስኪጨርስ ቀና አላለም። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይመራል። ልጆቹ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። እማዬ ቀስ ብላ እያኘከች ልክ እሬት ነው አለችኝ በጆሮዬ፤ ከዚያ ሌላ አነሳች፤ ከዚያ ሌላ። ሲቆይ ከሥሩ የሚመጣ ጣዕም አለው አለች። ራውል ከሁሉ በላይ በላ። ከጠረጴዛው ራስ ሆኖ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አልቀመስኩትም ነበር አለ። እትዬ ዶኛ ግን አልተቀመጡም። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እየሄዱ ማን ሳህኑን እንደጨረሰ ይመለከታሉ። የጨረሰውን ጭንቅላቱን ይነኩታል። ሃያ ስድስት ልጆች ነበርን። ሃያ አራቱን ነኩ።

አንዱን አበባ ሳይቆርጡት ተዉት። ይፈንዳ አሉ፤ ለእሱም ደስታ ያስፈልገዋል። በሚቀጥለው ረቡዕ ሲመጡ ፈንድቶ አገኘነው። ክሮቹ ተዘርግተው ወደ ታች ተንዘርፍፈዋል፤ በእያንዳንዱ ክር ላይ ከጤፍ የሚበልጡ፣ ከምስር የሚያንሱ ቢጫ አበቦች ተደርድረዋል። ግቢው በሙሉ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። እትዬ ዶኛ ሽቅብ ሊያዩ ከሥሩ ቆሙ። እኔ ግንዱን ትንሽ ነቅነቅ አደረግሁት። ቢጫው እንደ ዝናብ ወረደባቸው፤ በጥቁሩ ጸጉራቸው ላይ፣ በጉንጉናቸው መሐል፣ በትከሻቸው፣ በጫማቸው ላይ።

ከሰዓት፣ የእማዬ የእረፍት ቀን ስለነበር፣ እሷና እኔ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘናቸው። መንገደኛው እየዞረ ያያቸው ነበር። ባቡሩ ሲገባ እማዬ ደንገጥ አለችና፣ እንዲህ ሆነው ሰው መሐል እንዴት ይሄዳሉ ብላ በእጇ ጸጉራቸውን ልታራግፍላቸው ብድግ አለች። እትዬ ዶኛ የእማዬን እጅ በእርጋታ ያዙት።

"ተይው" አሉ በአማርኛ። "እስከ ክሬጊበርን ይዤው እሄዳለሁ።"

ገብተው ከሰዎቹ መሐል ቆሙ፤ ባዶ ወንበር እያለ አልተቀመጡም። በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ሲነሳ ራሳቸውን ቀጥ አድርገው፣ አንዲትም እንዳትረግፍ ተጠንቅቀው፣ ቢጫ እንደሆኑ ሄዱ።